ሲካፈል የሚኖር አበባ



በቋንቋችን «መከፋፈል» ደግ ቃል አይደለም። ማኅበር ተከፋፈለ ሲባል እንደነግጣለን፤ ቤተሰብ ተከፋፈለ ሲባል እናዝናለን። «ማካፈል» ግን ምርቃት የሚያሰጥ ቃል ነው። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ሥር ነው። ባለፈው ስብሰባችን በአዳራሻችን ደጃፍ ስላለው የሳይቤሪያ አይሪስ የተነሣው ክርክርም በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል የቆመ ነበር። ግማሾቻችን «ተነቅሎ ይከፋፈል» ስንል፣ ግማሾቻችን «ጎረቤታችን በእጃቸው የሰጡን ነው፤ አይነካም» አልን። ከእንቁጣጣሽ በፊት በምናደርገው ስብሰባ ስለምንወስን፣ የአበባውን ታሪክ አስቀድመን ብናውቅ ይጠቅመናል ብለን ይህን ጽፈናል።

ስሙ ሳይቤሪያ ይበል እንጂ የአበባው አገር ሰፊ ነው። ከመካከለኛው አውሮፓ ተነሥቶ እስከ ምዕራብ ሳይቤሪያ ድረስ በእርጥብ መስክ ላይ ይበቅላል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ስም አጸናለት። የቅርብ ዘመዱ የሆነ ሌላ አይሪስ ደግሞ በሩቅ ምሥራቅ፣ በቻይና፣ በኮሪያና በጃፓን ይገኛል። ዛሬ በየአትክልት ስፍራው የምናያቸው ብዙዎቹ ዝርያዎች የነዚህ የሁለቱ ልጆች ናቸው።

ለእኛ በኦታዋ ለምንኖረው ግን ታሪኩ ከደጃችን ይጀምራል። ወይዘሪት ኢዛቤላ ፕሬስተን እ.ኤ.አ. በ1881 በእንግሊዝ አገር በላንካስተር ተወለዱ። በ1912 ከእህታቸው ጋር ወደ ካናዳ መጥተው በጉዌልፍ የእርሻ ኮሌጅ ገቡ። በ1920 በኦታዋ ማዕከላዊ የሙከራ እርሻ ሥራ ሲጀምሩ የተቀጠሩት በቀን ሠራተኛነት ነበር። አበባን ከአበባ ማዳቀል የሴት ሙያ ነው ተብሎ በማይታሰብበት ዘመን፣ በጡረታ እስከ ተገለሉበት እስከ 1946 ድረስ ወደ 200 የሚጠጉ አዳዲስ ዝርያዎችን አወጡ። ሊላ የሚባለውን ባለ መዓዛ ዛፍ፣ የሊሊ አበባን፣ ጌጠኛ የፖም ዛፍን አዳቀሉ። የሳይቤሪያ አይሪሶቻቸውን ደግሞ በካናዳ ወንዞች ስም ጠሯቸው። አንደኛው «ኦታዋ»፣ ሌላው «ጋቲኖ» ይባላል። በደጃችን ያለው «ጋቲኖ» ነው።

በዚያው ዘመን በሞንትሪያል ክሊቭላንድ ሞርጋን የሚባሉ ባለጸጋ በአትክልት ስፍራቸው አይሪስ ያዳቅሉ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያወጡት፣ «የቄሳር ወንድም» የሚባለው ጥቁር ሐምራዊ አበባ ዛሬም በየችግኝ መሸጫው ይገኛል። በሳይቤሪያ አይሪስ ለሚያሸንፍ ዝርያ በአሜሪካ የሚሰጠው ሜዳሊያም ስማቸውን ይዟል።

እዚህ ላይ ልብ እንድንለው የምንፈልገው ነገር አለ። ሞርጋን ካዳቀሉት ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖት ያ አበባ እንዴት ደረሰን? በዘር አይደለም። ዘሩ ቢዘራ የሚወጣው ልጁ ነው እንጂ ራሱ አይደለም፤ መልኩም ቁመቱም ይለያል። ዛሬ በሺህ ደጃፍ የቆመው «የቄሳር ወንድም» ሁሉ በሞንትሪያል የበቀለው የዚያ የአንድ እግር ተክል ቁራጭ ነው። ሰዎች ተክሉን ከሥሩ እየከፈሉ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለወዳጅ እየሰጠ እዚህ ደረሰ። «ጋቲኖ»ም እንደዚያው ነው። የመጨረሻው ባለቤት ሳያካፍል የቀረበት ዝርያ ግን ከነባለሙያው ድካም ይጠፋል።

«አይነካም» የሚሉት እህቶቻችን ተክሉን ስለሚወዱት መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን አይሪስ ከመሬት በታች የሚተኛ ሥሩ በየዓመቱ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ አሮጌው መሐል ይደርቃል። የእኛም ተክል መሐሉ ራሰ በራ ሆኗል፤ በዚህ ሰኔ ያበበው ጠርዙ ብቻ ነው። ሳይነካ ቢቆይ አበባው እያነሰ ይሄዳል። አገር ቤት ጠጅ ሳር ሲጨናነቅ እናቶቻችን ከሥሩ ገንጥለው ለጎረቤት ይሰጡ የነበረው ለዚህ ነው።

ሥራው ጉልበት እንጂ ብልሃት አያስቸግርም። ጊዜው የፀደይ መጀመሪያ ወይም የበጋው ማብቂያ ነው፤ መሬቱ ከመጠንከሩ ቢያንስ ስድስት ሳምንት መቅደም አለበት። ከዋዜማው ውኃ እናጠጣዋለን። ቅጠሉን ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርተን እንቆርጣለን። ዙሪያውን በአካፋ ቆፍረን እናወጣዋለን፤ ሥሩ እጅግ የጠነከረ ስለሆነ መጋዝ ወይም መጥረቢያ ያስፈልጋል። ጓንት እናድርግ፤ ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል፤ ተክሉም አይበላምና ሕፃናት እንዳይቀምሱት እንጠንቀቅ። የደረቀውን መሐል ጥለን፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ከሦስት እስከ አምስት ቡቃያ እንዲኖረው እንከፍላለን። ዋናው ጥንቃቄ ሥሩ እንዳይደርቅ ነውና በእርጥብ ጆንያ እንጠቅልለው።

ሲተከል ሥሩ ከአፈር በታች ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይግባ፤ በተክሎቹ መካከልም ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይተው። ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። ብስባሽ ያለው፣ እርጥበት የሚይዝ አፈር ይወዳል። የመጀመሪያው ዓመት ውኃ አይጓደልበት፤ ለክረምቱም ጉዝጓዝ ይልበስ። በሚቀጥለው ሰኔ ባያብብ አንደንግጥ፤ ሥር እየሰደደ ነውና በዓመቱ ይክሳል።

ሐሳባችን እንዲህ ነው። አንዱ ቁራጭ እዚያው ደጃፋችን ይተከል። አንዱ ለሰጡን ጎረቤታችን ይመለስ። የቀረው ጓሮ ላላቸው አባላት ይከፈል፤ በአፓርታማ ያሉትም ከጓሮ ባለቤቶቹ ጋር እየተጣመሩ ይንከባከቡት። በእያንዳንዱ ላይም በአማርኛና በእንግሊዝኛ «ጋቲኖ፣ የኢዛቤላ ፕሬስተን» የሚል ምልክት ይሰካ። አንዱ ጓሮ ውርጭ ቢመታው ከሌላው ይገኛል፤ የባለሙያዋ ስምም ከአበባው ጋር አብሮ ይሄዳል።

በስብሰባው ቀን እንገናኝ። መጋዝ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።