በቀን ሁለት ጊዜ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ማድረግ፦ ለማን ይጠቅማል? ለማንስ አያስፈልግም?

ይህ መረጃ በጎሮ፣ በሮቤ፣ በጎባና በአካባቢው የባሌ ደጋማ ወረዳዎች ለሚኖሩ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ እንቅስቃሴ ማድረግ ለማን እንደሚጠቅም፣ ለማን እንደማያስፈልግና ከመጀመር አስቀድሞ የትኛውን አገልግሎት ማግኘት እንደሚገባ ያብራራል።

በአጭሩ፣ ለጤና ወሳኙ ነገር በሳምንት ውስጥ የሚደረገው እንቅስቃሴ አጠቃላይ መጠን እንጂ በቀን ስንት ጊዜ መደረጉ አይደለም። መጠኑን ለማሟላት የሚያመች ከሆነ ሁለት ጊዜ ከፍሎ መሥራት ጠቃሚ ነው። ያለ በቂ ምግብና ዕረፍት በአንድ ብርቱ ልምምድ ላይ ሌላ ብርቱ ልምምድ መደረብ ግን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

የሚመከረው መጠን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ የሚከተለውን ይመክራል፦

• አዋቂዎች፦ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ፤
• ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶች፦ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፤
• ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፦ ከአዋቂዎች መጠን በተጨማሪ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን የሰውነት ሚዛንን የሚያሻሽል እንቅስቃሴ።

መካከለኛ የሚባለው እየተነጋገሩ መቀጠል የሚቻልበት፣ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የማይበቃበት እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ከጥቂት ቃላት በላይ ለመናገር የሚያስቸግር ከሆነ እንቅስቃሴው ብርቱ ነው።

ቀደም ሲል የነበረው መመሪያ አንድ እንቅስቃሴ እንዲቆጠር ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ እንዲቆይ ይጠይቅ ነበር። በ2020ው መመሪያ ይህ ገደብ ተነሥቷል። ስለዚህ ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ማታ 15 ደቂቃ በሳምንት 5 ቀን በፍጥነት የሚራመድ ሰው ዝቅተኛውን የ150 ደቂቃ መጠን ያሟላል።

ሁለት ጊዜ ከፍሎ መሥራት የሚጠቅማቸው

• በቢሮ፣ በሱቅ ወይም በመኪና ውስጥ ረጅም ሰዓት ተቀምጠው የሚሠሩ፤
• እንቅስቃሴ በአዲስ መልክ የሚጀምሩና አንድ ረጅም ጊዜ የሚከብዳቸው አረጋውያን፤
• ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች፤ ከምግብ በኋላ የሚደረግ አጭር የእግር ጉዞ የደም ስኳር ከመጠን በላይ እንዳይወጣ ይረዳል። ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ የሚችል መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ግን አስቀድመው ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው።

ተጨማሪ ልምምድ የማያስፈልጋቸው

በሥራና በጉዞ ላይ የሚደረግ እንቅስቃሴም ይቆጠራል። በእርሻ፣ በአጨዳና በውቂያ የሚውል ገበሬ፣ ውኃና እንጨት ተሸክማ የምትመለስ እናት፣ ትምህርት ቤት በእግር የሚመላለስ ተማሪ የሚመከረውን መጠን ብዙ ጊዜ ያሟላሉ፤ አንዳንዴም ያልፉታል። በተለይ በአዝመራ ወቅት ለእነዚህ ዜጎች የሚያስፈልገው በቂ ምግብ፣ ውኃና እንቅልፍ እንጂ ተጨማሪ ሩጫ አይደለም።

አትሌት ለመሆን የሚለማመዱ ወጣቶች

ሻለቃ ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ በአርሲ ትምህርት ቤት ለመድረስ ጠዋት 10 ኪሎ ሜትር፣ ለመመለስም 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ይታወቃል። በባሌ የተወለደው ኢብራሂም ጄይላንም እ.ኤ.አ. በ2011 በዴጉ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። ታዋቂ የረጅም ርቀት ሯጮች በቀን ሁለት ጊዜ መለማመዳቸው እውነት ነው። ሆኖም ከሁለቱ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ሶምሶማ ነው፤ በመካከሉም ይመገባሉ፣ ይተኛሉ፤ ልምምዱንም አሠልጣኝ ይከታተለዋል።

የአንድ ወጣት ሰውነት የሚጠነክረው በልምምዱ ሰዓት ሳይሆን ከልምምዱ በኋላ በሚያገኘው ምግብና ዕረፍት ነው። ቁርስ ሳይበላ ሮጦ፣ ቀኑን በትምህርት ወይም በእርሻ አሳልፎ፣ ማታ እንደገና የሚሮጥ ወጣት የአትሌቶቹን ድካም እንጂ ጥቅማቸውን አያገኝም። ስለሆነም፦

• በቀን አንድ ጊዜ ለረጅም ወራት ሳይጎዱ ከተለማመዱ በኋላ ብቻ ሁለተኛውን መጨመር፤
• ሁለተኛውን ቀላልና አጭር ማድረግ፤
• በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ማረፍ ይገባል።

የአካባቢውን ሁኔታ ማገናዘብ

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከሮቤ ወደ ጊኒር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጎሮ ከሁለቱም ዝቅ ትላለች። ከቆላ አካባቢ ወደ ደጋው የመጣ ሰው በሚተነፍሰው አየር የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ማድረግ አለበት። በማለዳ ብርድ ከመሮጥ በፊት ሰውነትን ቀስ በቀስ ማሟሟቅ ያስፈልጋል። በረመዳን ወቅት ብርቱ እንቅስቃሴን ከፍጡር በኋላ ማድረግ፣ በሌሎች አጽዋማትም እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ ሳይመገቡ ለሚቆዩ ሰዎች ከምግብ በኋላ ማድረግ ይመረጣል።

ልምምድ መቀነስ እንዳለበት የሚያሳዩ ምልክቶች

• በዕረፍት የማይለቅ ድካምና የጡንቻ ሕመም፤
• እንቅልፍ ማጣት፣ ክብደት መቀነስ፤
• ጠዋት ከመኝታ ሲነሡ የልብ ምት ከወትሮው መጨመር፤
• በሴቶች የወር አበባ መዛባት ወይም መቅረት።

የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ካጋጠመ እንቅስቃሴውን ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

አገልግሎት ለማግኘት

የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡር እናቶች፣ እንዲሁም ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ቆይተው ብርቱ ልምምድ ለመጀመር የሚያስቡ ዜጎች አስቀድመው ምርመራ ማድረግ ይኖርባቸዋል። ለምክር በቀበሌው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ማነጋገር፣ ለምርመራ በአቅራቢያ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ መሄድ ይቻላል። ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ከጤና ጣቢያው በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት የታደሰ የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው መቅረብ ይጠበቅባቸዋል።