ከማራቶን ወዲያ ያለው አበበ

የአበበ ቢቂላ ስም ሲነሣ የሰው ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ሮም ነው። ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት በባዶ እግሩ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጽሞ በቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር ሲደርስ፣ ዓለም ያልጠበቀውን አየ። ስምንት ቀን ቆይቶ በዚያችው ከተማ ሌላ ውድድር መከፈቱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ስፖርተኞች በባለመንኰራኵር ወንበር ሆነው የተወዳደሩበት፣ ኋላ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የተባለው ነው። ቶኪዮም እንዲሁ ሆነ። አበበ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሁለተኛ ወርቁን ወሰደ፤ ወሩ ሳይወጣ ባለመንኰራኵሮቹ ከተማዋ ገቡ። የእነርሱ ጓደኛ ይሆናል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የሚነዳት መኪና ተገለበጠች። ወገቡ ከዳው፤ እግሮቹ ዳግመኛ አልታዘዙትም። ለሕክምና የተላከበት የእንግሊዙ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በጦርነት አከርካሪያቸው የተጎዳ ወታደሮችን በስፖርት ጭምር ያከሙበት ቦታ ነው። በ1940 ዓ.ም. በግቢው የተጀመረው ውድድር 16 ቀስተኞች ብቻ ነበሩት። የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበም እጆቹ ሲበረቱለት ቀስት አነሣ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ፣ ውሾች በሚስቡት የበረዶ መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። የሸዋ ልጅ፣ በኖርዌይ በረዶ!

ብዙዎች ይህን ዘመን የሚተርኩት እንደ ሙሾ ነው። ፍርዱ ትክክል አይደለም። ሰውዬው ከልጅነቱ የአንድ ጨዋታ ሰው አልነበረም። በ1924 ዓ.ም. በጃቶ ተወልዶ ያደገው ገና እየተጫወተ ነው። ከሸዋ እስከ ደብረ ታቦር ደጋ ገናን የተጫወተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሩሯን ለማግባት እግር ብቻውን አይበቃም፤ የሚመታ ክንድና የሚያነጣጥር ዓይን ይሻል። አደጋው እግሩን ወሰደ፤ ክንዱንና ዓይኑን ግን አልወሰደም።

በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ በክብር እንግድነት ጠራችው፤ በወንበሩ ሆኖ ሲገባ ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጕሜን 5 ቀን፣ ከሮም ድሉ ልክ በ12ኛው ዓመት ነበር። ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጣ። አሸናፊው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን እንደ ተቀበለ፣ አበበ ወደ ተቀመጠበት ሄዶ እጁን ጨበጠው።