ሃርድ ዲስክ የመበላሸት ምልክት ሲያሳይ በቅድሚያ ሊደረግ የሚገባው

በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በሚገኙ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች የባለጉዳይ አቤቱታና ስካን የተደረገ ማስረጃ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። ኮምፒውተሩ ከወትሮው ከዘገየ ወይም ፋይል አልከፍት ካለ ሃርድ ዲስኩን መጠርጠር ተገቢ ነው።

በዚህ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለጥገናው ሳይሆን ለሰነዱ ነው። ተተኪ የሌላቸው ፋይሎች አስቀድመው ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጡ። ከዚያ በፊት ፎርማት ማድረግ፣ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫንም ሆነ «ቼክ ዲስክ» ማስኬድ አይመከርም፤ ሁሉም በዲስኩ ላይ ስለሚጽፉ የቀረውን መረጃ ሊያጠፉ ይችላሉ።

ተደጋጋሚ የ«ቀጭ ቀጭ» ድምፅ ከተሰማ ግን ለመገልበጥም ሳይሞከር ኮምፒውተሩ ወዲያውኑ ይጥፋ። የዲስኩ ማንበቢያ የሚሽከረከረውን ሳህን እየፋቀ ሊሆን ስለሚችል በተከፈተ ቁጥር ጉዳቱ ይሰፋል። ዲስኩን ፈትቶ ማየት ወይም፣ አንዳንዶች እንደሚመክሩት፣ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ጉዳቱን ያባብሳል፤ መረጃ በማውጣት ልምድ ላለው ባለሙያ ይሰጥ።

ድምፅ ሳይኖር ዲስኩ ጨርሶ የማይታይ ከሆነ ኮምፒውተሩን ከመብራት ነቅሎ የዲስኩን ገመዶች አውጥቶ መልሶ መሰካት ይቻላል። በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ችግሩ የገመድ ብቻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።