ኬሚካዊ ሚዛን፦ ወዲያም ወዲህም የሚሄድ ለውጥ

እንጨት ነዶ አመድ ከሆነ ተመልሶ እንጨት አይሆንም። ተማሪ መጀመሪያ የሚያውቃቸው ኬሚካዊ ለውጦች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ስለሆኑ፣ የቀመሩ ቀስት ወደ ቀኝ ብቻ ማመልከቱ ጥያቄ አይሆንበትም። ኋላ ግን አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ የሚያመለክቱ ድርብ ቀስቶች ይመጣሉ። ውጤቱ ተመልሶ መነሻውን የሚሰጥበት እንዲህ ያለ ለውጥ ተገላባጭ አጸግብሮት ይባላል፤ የወዲያና የወዲህ ፍጥነቱ እኩል ሲሆን የሚደረስበት ሁኔታ ደግሞ ኬሚካዊ ሚዛን፣ በመምህራን አፍ ኢኩሊብሪየም ነው።

ይህን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ፈረንሳዊው ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1798 ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር አብሮ ሄዶ የናትሮን ሸለቆን ጨዋማ ሐይቆች አየ። ሶዲየም ካርቦኔትና ካልሲየም ክሎራይድ በውኃ ሲቀላቀሉ ካልሲየም ካርቦኔት እንደሚዘቅጥና የገበታ ጨው እንደሚቀር ከቤተ ሙከራ ያውቃል። በሐይቆቹ ዳር ያገኘው ግን የተገላቢጦሹን ነበር፦ ጨው በገፍ፣ የኖራ ድንጋይ (ያው ካልሲየም ካርቦኔት)፣ በዳርቻው ደግሞ የሶዲየም ካርቦኔት ቅርፊት። የጨው መብዛት ለውጡን ወደ ኋላ ሊመልሰው እንደሚችል ከዚያ ተረዳ።

ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የታሸገበት የመስታወት ቱቦ ነገሩን በዓይን ያሳያል። ጋዙ ቡናማ ነው፤ ሁለት ሞለኪውሎቹ ሲጣመሩ ቀለም የሌለው ዳይናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ይሆናሉ። ቱቦው በረዶ ውስጥ ሲገባ ቡናማው ይሳሳል፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይደምቃል፤ ሙቀቱ ካልተቀያየረ አንድ ቀለም ይዞ ይቆያል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙ ሲረጋ ውስጡም ያረፈ ይመስለዋል። አላረፈም። ቀለሙ የማይለወጠው በየቅጽበቱ የሚጣመሩት የሚለያዩትን ስለሚያህሉ ነው።

ማስረጃ ለሚሻ ከዲዩተሪየም የተሻለ አላውቅም። ዲዩተሪየም ኬሚካዊ ጠባዩ ከሃይድሮጅን እጅግ የሚቀራረብ፣ ክብደቱ ግን እጥፍ የሆነ ወንድሙ ነው። ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጅንና አሞኒያ ሚዛን ላይ ደርሰው ሳለ፣ በሃይድሮጅን ፈንታ ዲዩተሪየም ያለበት ሌላ ሚዛን የደረሰ ድብልቅ ይጨመርባቸዋል። ጥቂት ቆይቶ ሲመረመር የአሞኒያው መጠን እንዳለ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱንም ዓይነት አቶም የያዙ የአሞኒያ ሞለኪውሎች ይገኛሉ። ሞለኪውሎቹ እየፈረሱ እንደገና ባይሠሩ ኖሮ ይህ መቀያየጥ ከየት ይመጣል?

እኩል የሚሆነው ፍጥነቱ እንጂ መጠኑ አይደለም። መነሻው ሊበዛ ይችላል፣ ውጤቱም ሊበዛ ይችላል፤ ይህን የሚወስኑት የለውጡ ጠባይ፣ ሙቀቱ፣ የተቀላቀሉት ነገሮች መጠንና ለጋዞች ደግሞ ግፊቱ ናቸው።

አሞኒያ በፋብሪካ ሲሠራ ይህ ዕውቀት ገንዘብም ጉልበትም ነው። ለውጡ ሙቀት ስለሚያወጣ፣ ብዙ አሞኒያ የሚገኘው በቅዝቃዜ ነው፤ በቅዝቃዜ ግን ፍጥነቱ አዝጋሚ ይሆናል። አራት ሞለኪውል ጋዝ ወደ ሁለት ስለሚቀንስ ግፊት መጨመር ይረዳል። ስለዚህ ፍሪትዝ ሃበርና ካርል ቦሽ በከፈቱት መንገድ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሙቀቱን ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ግፊቱን ብዙ ጊዜ ወደ 200 አትሞስፌር ያደርጉታል፤ ብረትን ያዘለ አፋጣኝም ይጨምራሉ። አፋጣኙ ሚዛኑን አያዛባም፣ ቶሎ እንዲደረስበት ብቻ ያደርጋል። በአንድ ዙር የሚጣመረው ጋዝ ጥቂቱ ነው፤ አሞኒያው ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሲሆን ይወጣል፣ ያልተጣመረውም ጋዝ ተመልሶ ይገባል። የኢትዮጵያ ገበሬ በማሳው የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ከዚሁ አሞኒያ ነው።