ባሕር ላይ የቀረው ልጅ የማን ልጅ ነው?



የኢሉባቦር ሰው ውሃ ሲባል የሚያውቀው ሶርን፣ ገባንና ባሮን ነው። መርከብ ቢባልም ትዝ የሚለው ድሮ በክረምት ባሮ ሲሞላ ቡና ለመጫን ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ይመጣ የነበረው ነው። ይሁንና ከመቱ፣ ከጎሬና ከበደሌ ቀይ ባሕር ድረስ ሄደው የቀሩ ልጆች አሉ። ባሕር ኃይላችን በ1948 ዓ.ም. አካባቢ ምጽዋ ላይ ሲቋቋም ነጩን መለያ ለብሶ ማየት የብዙ ወጣት ምኞት ነበር። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ደግሞ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ሁሉ ለግዳጅ አደረገው። የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምጽዋን ማጥቃት ጀመረ፤ የባሕር ኃይሉ ዋና ሰፈርም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደቀ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የቀሩት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ። ስለዚህ «ልጄ ባሕር ኃይል ነበር» የሚሉ እናት ልጃቸው ምጽዋ ላይ ይሙት፣ ይማረክ ወይም ባሕሩን ይሻገር ላያውቁ ይችላሉ።

ያ ባሕር ሶሓቦች በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ሐበሻ የተሻገሩት ባሕር ነው። ኢብን ኢስሐቅ ስደተኞቹን «ሰማንያ ምናምን ሰዎች» ብሎ አላለፈም። እያንዳንዱን በስሙ፣ በአባቱና በጎሳው መዘገበ፤ እዚህ አገር የሞተውንም፣ እዚህ የተወለደውንም ለይቶ ጻፈ። ሱረቱል አሕዛብ ሰውን በአባቱ ስም እንድንጠራ ማዘዙን ስናስታውስ የጠፋን ልጅ ዘር ማፈላለግ የጊዜ ማሳለፊያ አለመሆኑ ይገባናል።

ታዲያ ከየት ይጀመራል? ከመዝገቡ በፊት ከቤት ነው። የድሮ ደብዳቤ ካለ የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ተመልከቱ፤ ፎቶ ካለ ጀርባውን ገልብጡት፣ ማሕተም ወይም ቀን አይጠፋም። ቀጥሎ የተማረበት ትምህርት ቤት ሮስተር አለ። ዋናው ችግር ስሙ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ከድር» ያለውን ሌላው «ቃዲር» ይለዋል፤ መሐመድ አሊ የሚባል ሰው ደግሞ በአንድ የጦር ክፍል ውስጥ ስንት እንደሚሆን አስቡት! ስለዚህ የአያቱን ስም፣ የእናቱን ስምና የትውልድ መንደሩን አብራችሁ ያዙ። መንደሩንም በዛሬው አጠራር ብቻ አትጻፉት። ዛሬ ቡኖ በደሌ ራሱን የቻለ ዞን ነው፤ ያኔ ግን በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር ያለ አውራጃ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ምክንያት ከወሎ መጥተው ኢሉባቦር የሰፈሩ ቤተሰቦችማ ሥራቸው እጥፍ ነው፤ ዘር የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች እዚያው ወሎ ቀርተዋልና። ቀይ መስቀል በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግበት አገልግሎትም አለው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም።

ወሬው ፈጽሞ የጠፋ ሰው በፊቅህ «መፍቁድ» ይባላል። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ሚስቱ አራት ዓመት እንድትጠብቅ፣ ከዚያም የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ እንድትቆጥር ፈርደዋል። ሞቱ እስኪረጋገጥ ትጠብቅ ያሉ ፉቀሃዎችም አሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 154 ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ እንዲታወጅ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይፈቅዳል። ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ የውርሱ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። ሞቱ ከተረጋገጠ ለእናት መጽናኛ የሚሆን ነገር አለ፤ ውሃ የበላው ሰው ከሸሂዶች እንደሚቆጠር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እዚሁ አገራችን ለሞተው ነጃሺ በሌለበት ሰግደውበታል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናሳስባለን። ታላቅ ወንድም «እሱ እኮ ሞቷል» ብሎ ቤቱንና የቡናውን ገንዘብ ብቻውን መጠቅለል አይችልም። ቃዲው ሞቱን እስኪወስን ድረስ የጠፋው ልጅ ንብረት አይከፋፈልም። አባትየው በዚህ መሃል ቢሞቱም ከውርሳቸው ለእሱ የሚደርሰው ድርሻ ተለይቶ ይቀመጣል።

ወላሁ አዕለም።