ከትራንከባር እስከ ገርጂ፦ የሣር ቢራቢሮዎች ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1798 ዴንማርካዊው የነፍሳት አጥኚ ዮሐን ክሪስቲያን ፋብሪሲየስ፣ በደቡብ ሕንድ ጠረፍ ከምትገኘው ከትራንከባር ለመጣች ትንሽ ቡናማ ቢራቢሮ ማቲያስ የሚል ስም አወጣ። ዛሬ ፔሎፒዳስ ማቲያስ ትባላለች። ስኪፐር ከሚባለው ወገን ናት፦ ደንዳና ሰውነት፣ ጫፉ እንደ ሜንጦ የታጠፈ አንቴና፣ ዓይን የማይከተለው ፈጣን በረራ። መኖሪያዋ ከአፍሪካ እስከ ጃፓን ይዘረጋል፤ አገራችንም በዚሁ ውስጥ ናት።

የኢትዮጵያን ቢራቢሮዎች ኡንገማኽ የተባለ ፈረንሳዊ ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ1932 በሞሮኮ የሳይንስ ማኅበር ኅትመት ላይ ዘረዘረ። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ብሪጋዲየር ኤቫንስ የአፍሪካን ስኪፐሮች መዝገብ ለንደን ላይ አወጣ። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ነው። ሁለቱም ግን የቆሙት በተሰካ ናሙና ላይ ነው፤ የናሙናው ክንፍ ደግሞ እዚህ ላይ ብዙ አያግዝም። ወንዱ በፊት ክንፉ ላይ ባለች አመድማ ሰረዝ ይለያል። ሴቷ ግን ቦርቦ ከሚባሉት ዘመዶቿ ጋር በጣም ስለምትመሳሰል፣ አንዳንዴ የመራቢያ አካሏን በማይክሮስኮፕ ማየት ግድ ይላል።

ስለዚህ ከእጩ መነሣት ይሻላል ባይ ነኝ። እናቲቱ እንቁላሏን በሣር ቅጠል ላይ አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። የሚፈለፈለው አረንጓዴ እጭ የቅጠሉን ጠርዞች በሐር ክር አስተሳስሮ ቱቦ ይሠራል፤ ከዚያ እየወጣ ይበላል። ሲጠግብ ወገቡን በክር ከቅጠል ጋር አስሮ ጸጥ ይላል፤ ክንፍ የሚያወጣውም እዚያው ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ያልታጨደ ሣር ሲኖር ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በ1950ዎቹ ሲሠራ ምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል በአብዛኛው ግጦሽና እርሻ ነበር። በ1990ዎቹ ገርጂ ላይ የሙከራ ኮንዶሚኒየም ተሠራ፤ ቀጥሎ ሰሚትና አያት በቤት ተሞሉ። ዛሬ በየመንገዱ ዳር አበባ እንተክላለን፤ ደስ ይላል። ሣሩን ግን እየደጋገምን ስናጭድ እንቁላሉም እጩም አብሮ ይታጨዳል። በየግቢው ጥግና በወንዝ ዳር ጥቂት ክንድ ሣር እስከ ጥቅምት ቢቆይ ምን ይጎዳናል?

የባዮሎጂ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በመስከረም ይዘው ይውጡ። የተጠቀለለ ቅጠል ሲገኝ ከነእጩ በብርጭቆ ውስጥ ይቀመጥ፤ የሣሩ ዓይነት፣ ሰፈሩና ቀኑ ይጻፍ፤ ቢራቢሮው ሲወጣ ፎቶ ይነሣ። የሚያከራክረውን ናሙና ከነመረጃው አራት ኪሎ ላለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ማሳየት ይቻላል።