ባሮ ዳር የተጠበሰ ኑድል

«ሚ ጎሬንግ» በማላይኛ የተጠበሰ ኑድል ማለት ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። ኑድሉን በመርከብ ወደ ማላያ ያሻገሩት ቻይናውያን ስደተኞች ናቸው፤ ቅመሙን ያበዙበት ደግሞ ከደቡብ ህንድ የመጡ ሙስሊም ምግብ ሻጮች። የወደብ ምግብ ነው በአጭሩ።

እኛም ጋምቤላ ላይ በከሰል ምድጃ ሞከርነው፦ በኑድል ፋንታ ፓስታ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመን፣ እንቁላል። የአኩሪ አተር ሶሱ ግን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የመጣልን። «ሩቅ አገር እኮ ነው» አለ አንዱ ጓደኛችን።

ሩቅ? ከየት ነው ሩቁ? እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል እዚችው ባሮ ዳር እስከ 400 ሄክታር ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር። የጎሬ ቡና በበቅሎ ወርዶ ይጫናል፤ ጨውና ጨርቅ ይራገፋል። ግሪኮችና ሶርያውያን ይነግዱበት ነበር። በጋ ሲገባ ውሃው ይጎድልና ጸጥ! ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ1956 ነው።

ፔናንግን ዓለም በወደቧና በምግቧ ያውቃታል። እኛ ጋምቤላን የተማርናት «ጠረፍ» ተብላ ነው።

ፓስታው ግን ተጣበቀብን፤ ጠጠር እንዳለ ማውጣት ነበረብን።